«ምጤ ነው ልጄን ያሳመመው» ለሚሉ እናት ምን ልበላቸው?

ከአራት ኪሎ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ መልእክትሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። የ23 አመቱ ወንድምሽ ድምፅ ይሰማኛል ማለት ጀመረ፣ ሰው ጠላ፣ ሐኪም ጋ ስትወስዱት ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ ሕመም ነው ተባለ። እናትሽ ደግሞ ሁለት ቀን አምጬ፣ ታፍኖ ሳያለቅስ ነው የተወለደው፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት እያሉ እህል ትተዋል። ቡና እያፈሉ እሱ ለብቻው ሲያወራ ከሰሙ ጀበናውን ከከሰሉ አንስተው ያስቀምጡታል፣ ቡናው እዛው ይቀዘቅዛል ብለሽ የጻፍሽው ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። የአባትሽ ዘመዶች ደሞ «ያኔ ቶሎ ሆስፒታል ብትሄድ ኖሮ» እያሉ በቁስል ላይ እንጨት ይሰዳሉ።

እውነት አስቸጋሪ ወሊድ ሰው ካደገ በኋላ ያሳምማል ወይ ነው ጥያቄሽ። ምንም አይገናኝም ብዬ አላጽናናሽም፣ ይገናኛል፣ እናትሽም ነገ ከሌላ ሰው ቢሰሙት ልጄ ዋሸችኝ ነው የሚሉት። ልጁ ሲወለድ ከታፈነ ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ሂፖካምፐስ የሚባለው የአእምሮ ክፍል ደግሞ ለዚህ እጥረት ቶሎ ነው የሚጎዳው። መጠኑን ግን ስሚኝ። ስኪዞፍሬኒያ በእድሜ ዘመኑ የሚይዘው ከ100 ሰው ወደ 1 ሰው ነው፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ሜሪ ካነን የምትባል የአእምሮ ሕመም ተመራማሪና ባልደረቦቿ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው ሲያዩ የወሊድ ችግር ይሄን እድል ቢጨምረው በአብዛኛው እጥፍ ቢያደርገው ነው። ስለዚህ እንደሱ ተወልደው ከነበሩ 100 ልጆች 98 የሚሆኑት ይሄ በሽታ አይነካቸውም ማለት ነው፣ ይሄን ለእናትሽ በጣት እየቆጠርሽ ንገሪያቸው። በዛ ላይ የዘር ነገር አለ፣ በለጋነት የተጀመረ ጋንጃ አለ፣ የልጅነት በደል አለ፣ የቱ እሱን እንዳሳመመው ነጥሎ የሚነግርሽ ሐኪም የለም። ምጥ ደግሞ ማንም መርጦ አያረዝመውም።

ግን ቁጥር ብቻውን አያድናቸውም። አንድ ቀን ወንድምሽ ሲተኛ ቡናውን አንቺ አፍይና «እማ፣ የዛን ቀን ከመጀመሪያው ንገሪኝ» በያቸው። አይዞሽ እርሺው አትበያቸው፣ 23 አመት ሙሉ ማንም አልጠየቃቸውም እኮ፣ ፈርተው ነበር፣ ልጄ ሞተ ብለው ነበር፣ ያ ፍርሃት ነው ዛሬ ጥፋተኛ ነኝ ሆኖ የወጣው። ያልቅሱ። ከዛ ለቀጠሮው አብረውት ይሂዱ፣ ምጡ ስንት ሰአት ፈጀ፣ መቼ አለቀሰ፣ መቼ ዳኸ፣ መቼ አፉን ፈታ የሚለውን ሐኪሙ ይፈልገዋል፣ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ ደግሞ የለም። እዛ ክፍል ውስጥ ተከሳሽ አይደሉም፣ ሐኪሙን የሚረዱት እሳቸው ናቸው።

ለዘመዶቹ አባትሽ ራሳቸው ይንገሩ፣ እዚህ ቤት የምጥ ወሬ አይነሳም ብለው፣ አንቺ ብቻሽን አትጋፈጪ። ጠበሉን ከፈለጋችሁ ሂዱ፣ መድኃኒቱን ግን እንዳታቋርጡ፣ በጣም ለምኜሻለሁ።

እናትሽ አለመብላታቸውና አለመተኛታቸው ከሁለት ሳምንት ካለፈ ድብርት ሊሆን ስለሚችል እሳቸውም ሐኪም ይያቸው። «ሞቴ ይሻላል» ካሉ፣ ወይ ወንድምሽን ድምፁ ይሄን አድርግ እያለ ካዘዘው፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ የዛኑ ቀን አማኑኤል ሆስፒታል ድንገተኛ ይዘሻቸው ሂጂ።