መልስ፦ ከአንባቢ የተሰበሰበውን ገንዘብ በማስታወቂያ አትጨርሱት

«ከአንባቢዎቻችን ገንዘብ አሰባስበን የዜና ድረ ገጻችንን ተከታይ ማብዛት እንፈልጋለን፤ በፌስቡክ ማስታወቂያ እንጀምር ወይ?» ላላችሁት፣ እኔ ብሆን ከዚያ አልጀምርም። በማስታወቂያ የመጣ ሰው አንድ ዜና ከፍቶ ይሄዳል። ክፍያው ሲቆም እሱም መምጣቱን ያቆማል። ገንዘቡን መጀመሪያ በየሳምንቱ በኢሜይል ለሚላክ የዜና ጥንቅር አውሉት። ኢሜይሉን የሰጣችሁ ሰው፣ የፌስቡክ አልጎሪዝም (ለማን ምን እንደሚታይ የሚወስነው ስሌት) ቢቀያየርም አይጠፋባችሁም። ነገ ገንዘብ የሚያዋጣላችሁም በብዛት እሱ ነው።

አጠያየቃችሁ ላይ ግን በደንብ አስቡበት። «ነጻ ሚዲያን ደግፉ» ማለት ብቻውን ሰው አያንቀሳቅስም። «የፍርድ ቤት ጉዳዮችን የሚዘግብ አንድ ጋዜጠኛ ለስድስት ወር ለመቅጠር ይህን ያህል ያስፈልገናል፤ እስካሁን ይህን ያህል ገብቷል» በሉ። ቦታው ደግሞ ከዘገባው ግርጌ ይሁን፤ ሰው አንብቦ ሲጨርስ ነው እጁ የሚፈታው። የእንግሊዙ ጋዜጣ ጋርዲያን ድረ ገጹን በክፍያ ሳይዘጋ፣ እዚያው ከጽሑፉ ሥር አንባቢውን መዋጮ ይጠይቃል። እኔም ይህን መንገድ እመርጣለሁ። በሩ ከተዘጋ አዲስ አንባቢ በየት በኩል ይገባል?

በየወሩ የሚገባ ትንሽ መዋጮ አንዴ ከሚመጣ ትልቅ ስጦታ ይሻላል፣ በጀት ለመያዝ ያመቻል። ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ሳትጠየቁ አሳውቁ። ብዙ የሰጠ ካለም ማንነቱን ግልጽ አድርጉ።