መልስ፦ የሚያፈስ የማሞቂያ ነዳጅ ማጠራቀሚያ ይበየዳል?

የሚያፈሰውን የቤት ማሞቂያ ነዳጅ ማጠራቀሚያ አስበይደው መጠቀም ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ አልመክርም። ብረቱን አብዛኛውን ጊዜ ዝገት የሚበላው ከውስጥ ነው፤ ማጠራቀሚያው ውስጥ የሚገባ ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ከታች ተኝቶ ብረቱን ያዝገዋል፤ ዛሬ አንዱን ቀዳዳ ቢደፍኑ ነገ ከአጠገቡ ሌላ ይከፈታል። ነዳጅ የያዘ ዕቃ መበየድማ በእሳት መጫወት ነው።

በመጀመሪያ ግን በጨርቅ ጠርገው ይመልከቱ፤ የሚንጠባጠበው ከማጣሪያው ወይም ከቧንቧው መጋጠሚያ ከሆነ ጣጣው ቀላል ነው፤ መጋጠሚያውን ማስጠገን ይበቃል። ከሆዱ ከሆነ ማሞቂያውን አጥፍተው ቫልቩን ይዝጉ፤ ከሥሩ ባልዲ ያስቀምጡ። የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ላይ ደረቅ ሳሙና አጥብቀው ቢያሹባት፣ ባለሙያ መጥቶ ነዳጁን እስኪቀዳው ድረስ ታቆይዎታለች። የፈሰሰውን በአሸዋ ወይም በሰጋቱራ ያስመጥጡት እንጂ በውሃ አይጠቡት፤ ውሃው ወደ ቦይና ወደ ጉድጓድ ይዞት ይሄዳል።