ለጓሮ ዛፍ ስትመርጪ ከፍሬው በፊት ቦታውን እይ

ጥያቄሽ በአጭሩ ይህ ነው፦ ጓሮሽ 8 ሜትር በ10 ሜትር ነው። አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ሎሚና ለጥላ የሚሆን አንድ ዛፍ ልትተክይ አስበሻል። በአንድ በኩል የፍሳሽ ቧንቧ ያልፋል። የትኛውን ልምረጥ፣ የትስ ላድርገው ነው ያልሽው። እኔ ዛፍ ስተክልና ለሌሎች ሳስተክል ብዙ ዓመት ቆይቻለሁና ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

እህቴ፣ አራቱም አይገቡም። ሁለት ዛፍ ይበቃሻል። አፈርሽ ውሃ የማያቆር ከሆነ አቮካዶና ሎሚ ትከይ። የሚያቆር ከሆነና አካባቢሽ ሞቃት ከሆነ ደግሞ በአቮካዶው ፋንታ ማንጎ ይሁን።

ለምን ሁለት? ችግኝ ሲገዛ ጉልበት እንኳን አይደርስም፤ ሰው ሁሉ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ከዘር የበቀለ አቮካዶ ወይም ማንጎ ካልተገረዘ ከ10 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ወደ ጎንም በጣም ይሰፋል። ስለዚህ ችግኝ ከመግዛትሽ በፊት ይህን አድርጊ። መሬት ላይ ካስማ ምቺ፣ ገመድ እሰሪበት፣ ዛፉ ሲያድግ የሚይዘውን ቦታ ክብ አድርገሽ አስምሪ። ለሎሚው የ2 ሜትር ገመድ፣ በየጊዜው ለሚገረዝ አቮካዶ የ3 ሜትር ገመድ በቂ ነው። አንዱ ክብ 4 ሜትር፣ ሌላው 6 ሜትር ስፋት ይይዛል። ጎን ለጎን ሲሆኑ 10 ሜትሩ አለቀ። ሦስተኛ ዛፍ ካስገባሽ ሁሉም ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይመዘዛሉ፤ ፍሬውም እጅ የማይደርስበት ጫፍ ላይ ይሆናል።

አሁን ወደ ቧንቧው። የዛፍ ሥር ከላይ ያለውን ቁመት ያህል ወደ ታች ይወርዳል የሚባለው ልክ አይደለም። አብዛኛው ሥር ያለው በላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ወደ ጎን ግን ከቅርንጫፎቹ ጫፍ አልፎ ይሄዳል። ሥር ደህና ቧንቧ ሰብሮ አይገባም። መገጣጠሚያው ላይ ትንሽ እርጥበት ካገኘ ግን ፀጉር የምታህል ቀጭን ሥር ትገባለች። ውስጥ ውሃም ምግብም አለላት። ትወፍራለች፣ ትበዛለች፣ በመጨረሻ ቧንቧው ይደፈናል። ሎሚውን በዚያ በኩል አድርጊው፤ ቢሆንም ከመስመሩ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። እንደ ሾላና ዋርካ ያሉትን፣ ባህር ዛፍንም ጭምር፣ በዚህ ስፋት ባለ ግቢ ፈጽሞ አታስቢያቸው።

ከሁሉ በላይ ጊዜ እንድትሰጪው የምለምንሽ ለአፈሩ ነው። ልትተክይበት ባሰብሽው ቦታ 30 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሪ። በውሃ ሙዪውና ሙሉ በሙሉ እስኪሰርግ ተይው። ከዚያ እንደገና ሙዪና በማስመሪያ ለኪ። ውሃው በሰዓት ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከወረደ ጥሩ ነው። በማግስቱም ውሃው እዚያው ከተኛ ያ ቦታ ለአቮካዶ አይሆንም። የአቮካዶ ሥር አየር ይፈልጋል። ውሃ በተኛበት አፈር ውስጥ ይታፈናል፣ ፋይቶፍቶራ የሚባለው የሥር አበስባሽ በሽታም ያገኘዋል። ምልክቱ ደግሞ አሳሳች ነው። ቅጠሉ እያነሰ ይሄዳል፣ ይገረጣል፣ ይጠወልጋል፤ ጫፉም ቡናማ ይሆናል። ላየው ሰው የተጠማ ይመስላል። ስለዚህ ውሃ ይጨመርለታል፤ ያ ነው የሚጨርሰው። እንዲህ ያለ ዛፍ ካጋጠመሽ አፈሩን በጣትሽ ጫር ጫር አድርጊና ቀጫጭኖቹን ሥሮች እይ። ጤነኛው ነጣ ያለ ነው። የታመመው ጥቁር ሆኖ በጣት ሲይዙት ይሰበራል። አፈርሽ ውሃ የሚያሰርገው በመካከለኛ ፍጥነት ከሆነ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ሰፊ ቁልል አፈር ሠርተሽ ከላዩ ብትተክይ ብዙ ይረዳል።

ስለ አየር ጠባይ አጭር ምክር ልስጥሽ። ሰፈርሽን ዞር ዞር ብለሽ እይ። ዛፉ መቆሙን ሳይሆን ማፍራቱን ነው የምታዪው። ማንጎ በሚያብብበት ወቅት ቅዝቃዜ ከመታው ቅጠሉ ያማረ ሆኖ ፍሬ ላይዝ ይችላል። ፖምና ኮክ በተቃራኒው ለማበብ በቂ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ።

ችግኙን በተመለከተ አቋሜ ጠንካራ ነው፦ አቮካዶ የተዳቀለ፣ ማለትም ግራፍት የተደረገ (ከጥሩ ዛፍ የተቆረጠ ቀንበጥ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ የተጣበቀበት) ካልሆነ አትግዢ። ከዘር የበቀለ አቮካዶ እናቱን አይመስልም፤ ለማፍራትም 7፣ 8 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። የተዳቀለው በ3 እና በ4 ዓመት ይጀምራል። ዝርያውንም ጠይቂ። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ነው የሚከፈተው፦ መጀመሪያ ሴት፣ በማግስቱ ወንድ ሆኖ። ሃስ የሚባለው ዝርያ ሴት ሆኖ የሚከፈተው ጠዋት ነው፤ ፉዌርቴ የሚባለው ደግሞ ከሰዓት በኋላ። ለዚህ ነው ሁለቱ ሲቀራረቡ ፍሬ የሚበዛው። ጎረቤትሽ አቮካዶ ካለው ዝርያውን ጠይቀሽ ሌላኛውን ምረጪ። ጎረቤት ከሌለም አንዱ ብቻውን ፍሬ መያዙ አይቀርም። ቦታ ለጠበበው ደግሞ ወደ ጎን ብዙ የማይሰፋው ሪድ የሚባለው የአቮካዶ ዝርያ ጥሩ ነው።

ችግኝ ጣቢያ ስትሄጂ በጣም የረዘመው አያጓጓሽ። ፍሬ ያንጠለጠለውም እንዲሁ። አጠር ያለ፣ ግንዱ ወፈር ያለና የተዳቀለበት ቦታ በደንብ የገጠመውን ፈልጊ። ከፕላስቲኩ ትንሽ አውጥተው እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። ሥሩ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ከሆነ ተይው። ያ ጥምጥም መሬት ከገባም በኋላ አይፈታም፤ ሲወፍር ግንዱን ያንቃል።

ለጥላ ያልሽው ዛፍ ለብቻው አያስፈልግም። አቮካዶው ራሱ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አለው። ከመቀመጫሽ በስተ ምዕራብ ትከይው። የሚያቃጥለው የከሰዓት ፀሐይ የሚመጣው ከዚያ ነውና። ዋናው ነገር ሎሚው ላይ እንዳያጠላበት ነው፤ ሎሚ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል።

ስትተክይ ጉድጓዱን በችግኙ አፈር ጥልቀት ልክ፣ ስፋቱን ግን ሁለት ሦስት እጥፍ አድርጊው። የተዳቀለበት ቦታ ከመሬት በላይ ይቅር። በዙሪያው ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ጎዝጉዢ፤ ግንዱን ግን አይንካ። በኋላ ደግሞ ሎሚው ላይ ከተዳቀለበት ቦታ በታች ፈጥኖ የሚመዘዝ ቀንበጥ ብታዪ አትደሰቺ። እሱ የመሠረቱ ተክል፣ ማለትም ሎሚው የተጣበቀበት የታችኛው ችግኝ ነው፤ ከተውሽው ያንቺን ሎሚ ያስርበዋል። ገና ለጋ ሳለ በእጅሽ ከሥሩ ገንጥይው።