ጋዝ ልቀዳ ነው

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ደሴ ላለችው እናቴ በስልክ «ጋዝ ልቀዳ ነው፣ ቆይቼ እደውላለሁ» ስላት «አሜሪካም መብራት ይጠፋል እንዴ?» አለችኝ። እኔ ለመኪናዬ ነበር ያልኩት። በአማርኛ ልክ ማናችን ነን?

መልስ፦ እናትዎ ናቸው። በእኛ ቋንቋ ጋዝ ሲባል ፋኖስና ኩራዝ ውስጥ የሚገባው ነጭ ጋዝ ነው። በሰሜን በኩል ላምባ የሚሉትም አሉ። መኪናዎ የሚጠጣው ቤንዚን ነው። የአሜሪካኖቹ «ጋስ» ደግሞ «ጋሶሊን» የሚለው ሲያጥር ነው።

እንዲያውም የእናትዎ አማርኛ የነዳጅን የልጅነት ዘመን ይዞ የቀረ ነው። ኤድዊን ድሬክ እ.ኤ.አ. በ1859 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ድፍድፍ ዘይት ሲያወጣ የቤንዚን መኪና ገና አልታሰበም። ዘይቱ የሚፈለገው ለመብራት ነበር። አጣሪዎቹ ድፍድፉን እንደ አረቄ እያፈሉ እንፋሎቱን ያቀዘቅዛሉ። ቀድሞ የሚወጣው ቤንዚን ነው። ፋኖስ ውስጥ ቢገባ ቤት ያቃጥላል፤ ስለዚህ ብዙውን ወንዝ ውስጥ ይደፉት ነበር። አዎ፣ ቤንዚን! ነጭ ጋዙን ግን አሽገው ይሸጡታል።

ከዚያ ኤዲሰን በ1879 አምፖሉን አሳየ። ፎርድ በ1908 ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪና አወጣ። የሚደፋው ቤንዚን አልበቃ አለ። ዊሊያም በርተን የተባለ ኬሚስት ከባዱን ዘይት በግፊት እያጋለ መሰባበር ቻለና በ1913 የፈጠራ መብት አገኘ። ከአንድ በርሜል የሚወጣው ቤንዚን እጥፍ ገደማ ሆነ። ማጣሪያዎቹ ወደ መኪናው ዞሩ፤ «ጋዝ» የሚለው ቃል ግን እኛ ዘንድ ከፋኖሱ አልተለየም። ግብፆችም ጋዝ ሲሉ ነጭ ጋዝ ማለታቸው ነው።

ሳልረሳው፦ ቤንዚን ከመርሴዲስ ቤንዝ የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ጀርመናዊው ኬሚስት ሚቸርሊች ቃሉን በ1833 ለሌላ ፈሳሽ ሲያወጣው ካርል ቤንዝ ገና አልተወለደም። ፈሳሹን ያገኘው ከዕጣን ሙጫ በሚወጣ አሲድ ነበር። የሙጫው የአረብኛ ስም «ሉባን ጃዊ» ነው፣ የጃቫ ዕጣን ማለት። አውሮፓውያን «ሉ»ን ቆርጠው ጣሏት፤ «ቤንዚን» የመጣው ከቀሪው ነው። እኛ ሳንቆርጥ ሉባንጃ አልነው።