የቱ ጋ ነው ያልኩት? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው፣ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለ አርበኞች ዘመን የአካባቢያችን ሽማግሌዎች ያጫወቱኝን እየጻፍኩ ዌብሳይት ላይ አስቀምጫለሁ፣ ሁሉም ግን አንድ ረጅም ገጽ ላይ ነው ያለው። ሰው ሲጠቅሰኝ የገጹን አድራሻ ብቻ ነው የሚያስቀምጠው፣ አንዴማ ስለ በላይ ዘለቀ ያላልኩትን ብለሃል ተብዬ "የቱ ጋ ነው ያልኩት" ብል የሚያሳየኝ ጠፋ። እያንዳንዱ አንቀጽ የራሱ ሊንክ ሊኖረው ይችላል ወይ?

መልስ፦ መምህር፣ በደንብ ይቻላል፣ ያን ያህል ከባድም አይደለም። ገጹ የተሠራበት ኤችቲኤምኤል የሚባለው የዌብ ገጽ መጻፊያ ውስጥ አንቀጽ የሚጀምረው ፒ (p) በምትባል ታግ ማለትም ምልክት ነው፣ እዛች ታግ ውስጥ አይዲ የሚባል ስም ይሰጡታል፣ ለምሳሌ p14፣ ከዛ የገጹ አድራሻ መጨረሻ ላይ # አድርገው p14ን ካስከተሉ ሊንኩን የነካ ሰው ቀጥታ እዛው አንቀጽ ላይ ያርፋል። ከ# በኋላ ያለው ገጹ ወደተቀመጠበት ኮምፒውተር (ሰርቨር) አይላክም፣ ቦታውን ፈልጎ የሚያገኘው ብራውዘሩ ራሱ ነው፣ ስለዚህ የሚጫን ምንም ፕሮግራም የለም። ስሙን ግን በላቲን ፊደልና በቁጥር ያድርጉት፣ በእኛ ፊደልም ይሠራል ግን ሊንኩ ኮፒ ሲደረግ ብዙ ጊዜ አንዷ ፊደል 9 ምልክት ሆና ትወጣና አድራሻው ማለቂያ የሌለው ይሆናል።

አይዲው ደግሞ ለአንባቢ አይታይም፣ ያልታየውን ነገር ማን ይጠቅሰዋል? ስለዚህ ከአንቀጹ ጎን ደብዘዝ ያለች ትንሽ ቁጥር ያስቀምጡና ቁጥሯን ራሷን ሊንክ ያድርጓት፣ ሰውየው እሷን ኮፒ ያደርጋል። ነገሩ አዲስ አይደለም፣ አሜሪካዊው የኮምፒውተር ተመራማሪ ዳግላስ ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. በ1968 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ባሳየው የኮምፒውተር ሲስተም እያንዳንዱ ቁራጭ ጽሁፍ በራሱ ቁጥር ይጠራ ነበር፣ ዌብ ሳይመጣ በፊት ማለት ነው። በዌብ ላይ ይህንኑ የቀጠሉ ሰዎች ሐምራዊ ቁጥር ይሉታል።

አሁን እኔን የሚያሳስበኝ ነገር ላይ ደረስን፣ ይሄን እባክዎ ልብ ይበሉልኝ። አንዴ የተሰጠ ቁጥር አይነካም። ነገ አንድ ሽማግሌ ሌላ ነገር ቢያጫውትዎትና በ14ና በ15 መሃል ሊያስገቡት ቢፈልጉ 15ን 16 እያሉ እስከ ታች እንዳይቀይሩት፣ ያኔ ከዚህ በፊት የጠቀሰዎት ሁሉ ሳያውቀው የተሳሳተ ቦታ ነው የሚያመለክተው፣ ይሄ ደግሞ ሊንኩ ጭራሽ ከሚጠፋ የባሰ ነው ምክንያቱም ጠፋ ብሎ የሚነግረው የለም፣ ሌላ ሰው የተናገረውን በሌላ ሰው አፍ ያስቀምጥበታል። አዲሱን 14ሀ ይበሉት፣ አይዲው ግን በላቲን p14a ይሁን። አንቀጽ ማውጣት ካስፈለገም ቁጥሩን እዛው ትተው "ይህ አንቀጽ በዚህ ቀን ወጥቷል" ብለው ይጻፉ፣ ቁጥሩን ለሌላ አይስጡት። በ1987 የጸደቀውን ሕገ መንግሥት እንውሰድ፣ 106 አንቀጽ ነው ያለው፣ አንቀጽ 39 ሲባል የማንም እትም ቢሆን፣ ፊደሉ ቢተልቅም ቢያንስም ያው ነው፣ ገጽ ስንት ላይ ነው ብሎ የሚጨቃጨቅ የለም። ቁጥር ሲለያይ ደግሞ የሚመጣውን በዳዊት እናየዋለን፣ "ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች" የሚለውን አንዱ 67፥31 ሌላው 68፥31 ብሎ ይጠቅሰዋል፣ የመዝሙሮቹ አቆጣጠር ስለሚለያይ ነው። ለዳዊት ግድ የለም ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል፣ የእርስዎ ሽማግሌዎች ቃል ግን የተጻፈው እዛች ገጽ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ባህር ዳር ተማሪ ነኝ፣ በጣና ላይ ስላለው እምቦጭ የመመረቂያ ጽሁፍ እየሠራሁ ነው። የምጠቅሳቸው ዌብ ገጾች ግን ገጽም የላቸው ቁጥርም የላቸው፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤቱ ቁጥር ባይሰጠውም በክሮም የምትፈልጊውን ዓረፍተ ነገር ሴሌክት አድርገሽ በቀኝ ክሊክ ስትዪ "ኮፒ ሊንክ ቱ ሃይላይት" የሚል አለ፣ ያንን ሊንክ የከፈተ ሰው ጽሁፉ ቀለም ተቀብቶ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለውን ሊንክ ክሮም መክፈት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፣ ሌሎቹ ብራውዘሮች ሳፋሪ በ2022 ፋየርፎክስ በ2024 ተከተሉት። ግን ሊንኩ የሚፈልገው ራሱን ቃሉን ነው፣ ባለቤቱ ነገ "ሀይቅ" የሚለውን "ሐይቅ" ብሎ ቢያርመው ገጹ ይከፈታል እንጂ ቀለሙ አይመጣም፣ እንደኛ ሀ ሐ ኀ እየተቀያየረ ለሚጻፍ ቋንቋ ይሄ ቀላል ችግር አይደለም። ስለዚህ ገጹን የዌብ ገጾችን ኮፒ በሚያስቀምጠው በኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን ላይ ሴቭ አድርጊና የዛን ቀን ኮፒ ሊንክ ተጠቀሚ፣ ቢታረምም ቢጠፋም አንቺ ያነበብሽው እዛ አለ። ወረቀት ላይ ለሚታተመው ደግሞ የንዑስ ርዕሱን ስምና ከሱ ስር ስንተኛው አንቀጽ እንደሆነ ቆጥረሽ ጻፊ፣ ኤፒኤ (APA) የሚባለው የአጠቃቀስ ደንብም የሚፈቅደው ነው።

ጥያቄ፦ ከቡሬ ነው፣ እኔ ዌብሳይት የለኝም፣ የቅኔና የአባባል ስብስቤን ቴሌግራም ቻናል ላይ ነው የምለጥፈው። ለኔስ የሚሆን ነገር አለ?

መልስ፦ ወንድሜ ያንተማ ቀላል ነው። ቴሌግራም ቻናል ላይ እያንዳንዱ ፖስት የራሱ ቁጥር ያለው ሊንክ አለው፣ ብታስተካክለውም ቁጥሩ አይቀየርም። ስለዚህ አሥር ቅኔ ባንድ ፖስት አታጭቅ፣ አንዱን ቅኔ ባንድ ፖስት አድርገው፣ የማን እንደሆነና ከማን እንደሰማኸው እዛው ጻፍበት። ስህተት ካለ አጥፍተህ እንደገና አትለጥፍ፣ ኤዲት አድርገው። ቻናሉ ፐብሊክ መሆኑንም አረጋግጥ፣ ፕራይቬት ከሆነ ሊንኩ የሚከፈተው ለአባላት ብቻ ነው።