«ፀሐይ ያደርቀዋል» የሚባለው የውሻ አር

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ነው የምንኖረው። የጎረቤት ውሻ ሁሌ በራችን ላይ ይጸዳዳል፣ ባለቤቱን አጽዳ ስለው «ተይው ባክሽ፣ ፀሐይ ያደርቀዋል» ይለኛል። የዛሬ ወር የ3 ዓመት ልጄ የደረቀውን እያፈረፈረ፣ አፉም አፈር በአፈር ሆኖ አገኘሁት። አያቱ ኮሶ ይጠጣ ይላሉ፣ እኔ ከፋርማሲ የትል መድኃኒት ገዝቼ ሰጠሁት። የእብድ ውሻ በሽታ ይይዘው ይሆን? ሰውየውንስ ምን ብዬ ላስጸዳው?

መልስ፦ እህቴ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ከአር አይመጣም፣ በምራቅ ነው። ውሻው ካልነከሰው ወይ ቁስሉን ካልላሰው በዚህ በኩል ተረጋጊ። (ነክሶት ቢሆን ኖሮ 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ለክትባት መሮጥ ነው።)

አሁን ወደ «ፀሐይ ያደርቀዋል» እንምጣ፣ ይሄን ያልሰማሁበት ሰፈር የለምና። ነገሩ እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነው። ቶክሶካራ የሚባል ቡችሎች ላይ በጣም የሚበዛ የውሻ ወስፋት አለ፣ እንቁላሉ ትኩስ አር ውስጥ እያለ ሰው አይዝም፣ አፈር ላይ 2 ሳምንት 3 ሳምንት፣ በኛ ብርድ ደግሞ ከዚያም በላይ ቆይቶ ነው የሚበስለው። ማለትም ጎረቤትሽ «ደረቀ፣ አለቀለት» በሚልበት ሰዓት እንቁላሉ ገና ስራ መጀመሩ ነው። አሩ ይነጣል፣ ሽታው ይጠፋል፣ የክረምቱ ዝናብ ያጥበዋል፣ ምንም የሚታይ ነገር የለም፣ እንቁላሉ ግን አፈሩ ውስጥ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። እንደ ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቀዝቃዛ እርጥብ አፈር ደግሞ ይመቸዋል። ስለዚህ በዚያው ቀን ማንሳት ነው፣ ሌላ ዘዴ የለውም።

በመድኃኒቱ ግን ተናድጃለሁ። ፋርማሲ የሰጡሽ አንጀት ውስጥ ላለ ትል ነው፣ የቶክሶካራ እጭ አንጀት ውስጥ አይቀመጥም፣ ወደ ጉበት፣ ሳንባ፣ አንዳንዴም ዓይን ይሄዳል። ሐኪም ሲያዘው ለቀናት ነው የሚወሰደው። ኮሶ? ለ3 ዓመት ልጅ? ኮሶ ዓይን ያጠፋበት ጊዜ አለ፣ እማማን በአክብሮት እምቢ በያቸው። ደግሞ ወር ሙሉ ምን ስትጠብቂ ነበር?

እንዲህ ስልሽ ልጁ ታሟል ማለቴ አይደለም፣ አብዛኛው ልጅ ምንም ሳይሆን ያልፍለታል። ትኩሳት፣ የማይለቅ ሳል፣ የሆድ ህመም ካለ አምጪው። ዓይኑን ግን ዛሬውኑ እዪው፦ እያጫወትሽ አንዱን ዓይኑን በእጅሽ ሸፍኚ፣ ከዚያ ሌላውን። አንደኛውን ስትሸፍኚ ብቻ የሚነጫነጭ፣ እጅሽን የሚገፋ ከሆነ ባልተሸፈነው ዓይን ደህና አያይ ይሆናል። አንዱ ዓይኑ ከሸወረረ ወይ ብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር ካየሽ ነገ አትበይ። የሰገራ ምርመራ «ነፃ ነው» ቢልሽ አትዘናጊ፣ ይሄ በሽታ በሰው ሰገራ አይታይም፣ በደምና በዓይን ምርመራ ነው።

ሰውየውን ስለ ልጅሽ ሳይሆን ስለ ራሱ አናግሪው። በዓል ሲሆን ከታረደው በግ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻው ይወረውራል አይደል? እሱን የበላ ውሻ ሌላ ትል ያፈራል፣ የዚህኛው እንቁላል ደግሞ ገና ትኩስ ሳለ ነው የሚይዘው፣ የውሻው ፀጉር ላይም ይጣበቃል። ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ የቆረሰ ሰው ከዓመታት በኋላ ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይዞ ለኦፕራሲዮን ይመጣል። ስለዚህ ያን ሥጋ ይቅበር፣ ውሻውን እንስሳት ክሊኒክ ወስዶ በየ3 ወሩ የትል መድኃኒት ያስሰጠው። አሩን ደግሞ ፌስታል እጁ ላይ አጥልቆ ያፍሰው፣ ፌስታሉን ገልብጦ ይቋጥረውና ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ይጣል፣ ጎመን መደብ ላይ እንዳይደፋው ብቻ።