ቦይለሬ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው ሐረር ነው። ባለ 50 ሊትር ቦይለር አለን፣ ከገባ ሁለት ዓመት ከምናምን ቢሆነው ነው፣ መጀመሪያ ላይ ሦስት ሰው ተከታትሎ ይታጠብበት ነበር አሁን ግን አንድ ሰው ገብቶ ሳይጨርስ ውሃው ይቀዘቅዛል። ሲሞቅ ደግሞ ውስጡ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል፣ ልጆቼ ፈርተው ሻወር ቤት አንገባም እያሉኝ ነው። አምና ሬዚስታንሱ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ተቃጥሎ አስቀይረናል። ከስሩ ያለችው ቫልቭ ትንጠባጠብ ስለነበር የመጣው ቧንቧ ሰራተኛ በታፖ ደፍኗት ሄደ። አሁን አንድ ባለሱቅ ቧንቧው ላይ የሚታሰር ማግኔት ግዙ ይለናል፣ ባለቤቴ ደግሞ የውሃ ማለስለሻ ማሽን ካልገዛን ብሎ ይዞኛል። የቱን እንግዛ?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከሐረር

መልስ፦ እህቴ፣ ግዢው ይቆይና መጀመሪያ ያቺን ታፖ አስነሺ፣ እስክትነሳ ድረስ ቦይለሩን ከብሬከሩ አጥፍተሽ ተዪው። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እናወራለን ይሄ ግን አያድርም። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ታንኩ ዝግ ነው፣ ትርፉ የሚወጣው በዛች ቫልቭ ነው፣ ቴርሞስታቱ ተበላሽቶ አልቆርጥም ቢል ደግሞ ቤታችሁን የምታድነው እሷ ናት። በሚሞቅበት ሰዓት ጠብ ጠብ ማለቷ ብልሽት ሳይሆን ሥራዋ ነው፣ ቀጭን ጎማ አስገብታችሁ ወደ ፍሳሹ መምራት ነበር እንጂ መድፈን ምን የሚሉት ነው! ሳይሞቅም ቀኑን ሙሉ የምታፈስ ከሆነ ግን ወይ ኖራ (ከውሃው የሚጋገረው ነጭ ድንጋይ) አፏን ይዞታል ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል። አሮጌዋን አስወጥተሽ አዲስ አስገቢ፣ ከዛ በኋላ በወር አንዴ እጀታዋን ከፍ አድርገሽ ትንሽ ውሃ አስተፊያት፣ ካልነኳት ኖራው ያደርቃትና በቁም ነገር ቀን አትከፈትም።

ሌላም ነገር አለ። ይቺው ቫልቭ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትይዝም ናት። እናንተ ጋ ደግሞ ውሃ በፈረቃ ነው፣ መስመሩ ባዶ ሲሆን ኖራ የያዛት ቫልቭ በደንብ ስለማትዘጋ ታንኩ ቀስ እያለ ወደ ቧንቧው ይፈሳል፣ እናንተ ሳታውቁ ታበሩታላችሁ፣ ሬዚስታንሱ በባዶ ይነድዳል። አምና የተቃጠለው በዚህ ይሁን በኖራ ከዚህ ሆኜ መለየት አልችልም፣ ግን ውሃ ጠፍቶ ከመጣ በኋላ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍተሽ ሳይቆራረጥ መውረዱን ሳታዪ አታብሪ።

አሁን ወደ ፈንዲሻው። ሐረር ለብዙ ዓመት የጠጣችው ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር፣ ሐይቁ በ1990ዎቹ (በኛው አቆጣጠር) ደረቀና ከድሬዳዋ በኩል ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች በፓምፕ ሽቅብ መሳብ ተጀመረ። ያ አገር ስሩ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ውሃው በዛ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየም እያሟሟ ይመጣል። ለጤና ችግር የለውም፣ ሲሞቅ ግን የሟሟው ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፣ በተለይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይፈጥናል። የማንቆርቆሪያሽን ቂጥ ብታዪ ገብቶሻል። እዛ ቦይለር ውስጥ ደግሞ ኖራው እየተሰነጠቀ ከስር ይከመራል፣ ከክምሩ ስር የገባው ውሃ ሬዚስታንሱ አጠገብ ይፈላና ጧ ጧ ይላል። 50 ሊትር ያላችሁት ቦይለር ከፊሉ ድንጋይ ከሆነ ሁለተኛው ሰው በቀዝቃዛ ቢታጠብ ምን ይገርማል።

ስለዚህ ማግኔቱንም ማሽኑንም ትታችሁ መጀመሪያ አስከፍቱት። ብሬከር ይጠፋል፣ ማስገቢያው ይዘጋል፣ እስኪበርድ ይጠበቃል፣ ውሃው ይወርዳል፣ ከዛ ከስር ያለው ክዳን ቡሎኖቹ ተፈተው ሬዚስታንሱም ቴርሞስታቱም አብረው ይወጣሉ። ኖራውን በእጅም በማንኪያም ማፈስ ነው፣ ባልዲ አዘጋጂ። ሬዚስታንሱን በቢላ አትፋቁት ቆዳው ከተጫረ አለቀለት፣ አቼቶ ውስጥ ወይም ለብ ባለ ውሃ የተበጠበጠ ሲትሪክ አሲድ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ዘፍዝፋችሁ ስትተዉት ራሱ አረፋ እያወጣ ይረግፋል። የባትሪ አሲድ አምጡ የሚል ሰራተኛ ከመጣ በሰላም ሸኙት። በረኪና ደግሞ ከአቼቶ ጋር እንዳይገናኝ፣ የሚያፍን መርዛም ጋዝ ነው የሚወጣው። ክዳኑ ሲመለስ ጓርኒሲዮኑ (ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው ጎማ) አዲስ ይሁን።

እግረ መንገድ የማግኒዚየሙን ዘንግ እዩት። ይሄ ነገር በታንኩ ፋንታ እሱ እንዲበላ የተቀመጠ ነው፣ እኛ አገር ግን ቦይለሩ ከተሰቀለበት ቀን ጀምሮ አይቶት የሚያውቅ የለም። ቀጥኖ ሽቦው ብቻ ከቀረ ይቀየር፣ አለበለዚያ ቀጥሎ የሚበላው ታንኩ ነው።

ከዛ ማስተካከያውን 60 ላይ አድርጊው። ብዙ ቤት እስከ መጨረሻው አዙረው 75 ላይ ያስቀምጡትና በቀዝቃዛ እየበረዙ ይታጠባሉ፣ ኖራ ማምረት ማለት ይሄ ነው። ከ60 በታች ግን ብዙ አታውርጂው፣ ለብ ያለ የተኛ ውሃ ለባክቴሪያ ይመቻል። 24 ሰዓት በርቶ ከሚውልም ከመታጠባችሁ በፊት ይብራ። እንዲህ እያደረጋችሁ በዓመት አንዴ ከተከፈተ ለሐረር ውሃ ይበቃዋል ባይ ነኝ።

የባለቤትሽ ማሽን እውነተኛ ነገር ነው፣ ካልሲየሙን ወስዶ በሶዲየም ይተካል፣ ግን ጨው ይፈልጋል፣ ቦታ ይፈልጋል፣ የውሃ ግፊትም ይፈልጋል፣ በፈረቃ ውሃ ላይ ያስቸግራችኋል። ለሆቴል ቢሆን ግዙ እል ነበር። ከገዛችሁም የኩሽናው ቧንቧ በሱ እንዳያልፍ፣ በተለይ ደም ግፊት ያለበት ሰው ካለ። መካከለኛ መፍትሔ ከፈለጋችሁ በቦይለሩ ማስገቢያ ላይ የምትገባ ፖሊፎስፌት ያለባት ትንሽ ዕቃ አለች፣ ኖራው እንዳይጣበቅ ታግዛለች፣ ውስጧ ሲያልቅ መሙላት ነው። ተራው የአሸዋና የጭቃ ፊልተር ግን የሟሟ ነገር አይይዝም፣ እንዳትሸወዱ። ማግኔቱ? ውጤቱ አንዴ ሠራ አንዴ አልሠራም የሚባልለት ዕቃ ነው፣ እኔ ብሬን አላወጣበትም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ አቃቂ ነው ቤቴ፣ ቦይለር የለኝም፣ ግድግዳ ላይ የምትሰቀለው ፈጣን የሻወር ማሞቂያ ናት ያለችኝ፣ ቀዳዳዎቿ እየተደፈኑ ውሃው እንደ ክር ቀጠነ። የእናንተ ምክር ለኔም ይሠራል?
ከአቃቂ

መልስ፦ ወንድሜ ያንተ ይቀላል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው ለስላሳ ነው፣ የአቃቂ ጉድጓድ ውሃ ግን ኖራ አለው። የመርጫውን ራስ ፍታና ማታ አቼቶ ውስጥ ከተህ እደር፣ ጠዋት በጥርስ ብሩሽ ፈተግ ፈተግ። ውሃው ከቀጠነ ማሞቂያዋ ከልክ በላይ ትግላለች፣ ስለዚህ እስክታጸዳው አትጠቀም። ኤሌክትሪሺያን ስትጠራ ደግሞ የመሬት ሽቦ እንዳላት አብሮ ይይልህ፣ እርጥብ ሆነህ ነው ስሯ የምትቆመው።